የቆየ የናፍጣ መኪናን ለመጥበሻ ባገለገለ ዘይት ማሽከርከር፦ ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ባለንብረቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአንድ የቆየ ላንድ ክሩዘር ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ውስጥ የምግብ ዘይት ቢጨመር፣ በሐዋሳ የቀትር ሙቀት ሞተሩ ይነሳል፤ መኪናውም ያለ ብዙ ችግር ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚሁ ነው። ሞተሩ ዛሬ መነሳቱ ስለ ነገ ምንም አያረጋግጥም፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ጥላሸት ለብሶ፣ የፒስቶኑ ፋሻ (ፒስቶኑን የሚከበው ቀለበት) በቦታው ተጣብቆ፣ የሞተር ዘይቱም ወፍሮ ሲገኝ ነው። የናፍጣ ሞተር በአትክልት ዘይት መሥራት እንደሚችል ከመቶ ዓመት በላይ ታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ለሕዝብ ታይቷል። በዚህ መመሪያ የሚብራራው ሞተሩ ሳይጎዳ ለዓመታት እንዲያገለግል ዘይቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በመኪናው ላይ ምን እንደሚለወጥና አሽከርካሪው ምን ዓይነት ልማድ መያዝ እንዳለበት ነው።

ነገሩ ሁሉ በሁለት ቃላት ላይ ይቆማል፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሲደርስ ደረቅና ትኩስ መሆን አለበት። ደረቅ ሲባል ውሃና ደለል የሌለበት፣ ትኩስ ሲባል ደግሞ እንደ ናፍጣ በቀላሉ እስኪረጭ ድረስ የቀጠነ ማለት ነው። ቀዝቃዛ የአትክልት ዘይት ከናፍጣ ከአሥር እጥፍ በላይ ወፍራም ሲሆን፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ውፍረቱ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት አንድ አቋም በግልጽ መቀመጥ አለበት። ለምግብ የሚሆን አዲስ ዘይት ወደ መኪና መግባት የለበትም። የምግብ ዘይት ዋጋ የስንቱን ቤተሰብ ጓዳ እንደሚፈትን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። እዚህ የሚነገረው ደጋግሞ ተጠብሶበት ለምግብነት መዋል ስለሌለበት ዘይት ነው፤ እንዲህ ያለው ዘይት ተመልሶ ወደ ሰው አፍ እንዳይገባ ከገበያ ማውጣት በራሱ ጥቅም አለው።

የትኛው መኪና ይሆናል

የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁ በሚረጭበት ቦታ በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ዓይነት ነዳጁ የሚረጨው በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተር ክፍል) ውስጥ ባለች ትንሽ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ነው። ይህች ክፍል እጅግ ስለምትግልና አየሩም በውስጧ በኃይል ስለሚሽከረከር፣ ወፈር ያለ ነዳጅ እንኳን ተበትኖ ለመቃጠል ዕድል ያገኛል። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የቶዮታ ሃይሉክስና ሃይኤስ ሞተሮች፣ የላንድ ክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ እንዲሁም የቆዩት የመርሰዲስ ኦኤም 616 እና ኦኤም 617 የዚህ ዓይነት ናቸው። ለዚህ ሥራ ከእነዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

በሁለተኛው ዓይነት ነዳጁ በቀጥታ ከፒስቶኑ አናት ላይ ይረጫል። አብዛኞቹ የአይሱዙ የጭነት መኪኖች እንዲህ ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ጠብታው በትክክል ካልተበተነ ያልተቃጠለው ዘይት የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታና በፋሻው በኩል ሾልኮ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በደንብ በሚሞቅ ዘይት የሚያሠሯቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ስሕተትን ስለማይምሩ፣ ሥራውን ገና ለሚጀምር ሰው አይመከሩም። ኮመን ሬይል የተባለው ከፍተኛ ግፊት ያለው አሠራር የተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች፣ ለምሳሌ ዲ-ፎር-ዲ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቶዮታዎች፣ ጨርሶ አይሞከሩ። ከተማዋን የሞሏት ባጃጆች ቤንዚን የሚጠጡ ስለሆኑ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

ከሞተሩ ቀጥሎ የሚታየው የናፍጣ ፖምፑ፣ ማለትም ነዳጁን ገፍቶ ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው ክፍል ነው። ፒስተኖቹ በተርታ የተደረደሩበት ፖምፕ የታችኛው ክፍሉ በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ ወፍራም ነዳጅን ይታገሣል። ክብ የሆነው ፖምፕ ግን የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ብቻ ነው። ከክብ ፖምፖች መካከል ቦሽ ቪኢ የሚባለውና ዴንሶ በዚያው ንድፍ የሠራው፣ ማለትም በአብዛኛው በቶዮታዎቹ ላይ የሚገኘው፣ ዘይቱ ሞቆ እስከ ደረሰው ድረስ ይሠራል። በቆዩ ላንድ ሮቨሮች ላይ የሚታየው የሲኤቪ ወይም የሉካስ ክብ ፖምፕ ግን ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት ሲያጋጥመው የውስጥ ዘንጉ ሊነክስና ሊሰበር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሐሳቡን ቢተወው ይሻላል።

የሞተሩ ጤንነት ከዓይነቱ እኩል ይመዘናል። ፋሻው የተበላ፣ ጠዋት ብዙ ተሞክሮ የሚነሳ፣ የሞተር ዘይት የሚበላ ሞተር በአትክልት ዘይት ዕድሜው ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ስለዚህ አስቀድሞ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ፣ ኖዝሎቹ በመሞከሪያ መሣሪያ ተፈትሸው የረጩት ነዳጅ እንደ ጉም መበተኑ ይረጋገጥ፣ ለማስነሻ የሚግሉት የማሞቂያ ካንዴላዎችም አንድ በአንድ ይፈተሹ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከቆላው ይልቅ እዚህ ለጥቁር ጭስ ይጋለጣል። ጉልበት ለመጨመር ብሎ የፖምፑን የነዳጅ መጠን መጨመሪያ ብሎን መክፈት በናፍጣም ቢሆን ጥሩ አይደለም፤ በዘይት ሲሆን ደግሞ ኖዝልንና ፋሻን በጥላሸት መዝጋት ነው።

የትኛው ዘይት፣ ከማን

የዘይቶች ጠባይ በአዮዲን ቁጥራቸው ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ አየርና ሙቀት ሲያገኘው እንደ ቫርኒሽ የመድረቅና የመጣበቅ ዝንባሌው ይጨምራል። የፓልም ዘይት ቁጥሩ 50 ገደማ፣ የለውዝ 90 ገደማ፣ የሱፍ አበባና የኑግ 130 ገደማ፣ የተልባ ደግሞ 180 ገደማ ነው። ጀርመኖች ለሞተር ነዳጅነት ለሚውል የጎመን ዘር ዘይት ባወጡት ደረጃ ከ125 በላይ የሆነ አይፈቀድም። በዚህ መለኪያ ሲታይ ተልባ የቀለም ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት አይደለም፤ ኑግና ሱፍ ከሌላ ዘይት ጋር ተቀላቅለው በጥንቃቄ የሚሠሩ ናቸው፤ ፓልም ግን ከሁሉም የማይጣበቅ ነው። ጉሎን በተመለከተ፣ ዘይቱ ከሌሎቹ ዘይቶች በብዙ እጥፍ ስለሚወፍር በንጹሕነቱ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የፓልም ችግር ሌላ ነው፤ ይረጋል። ከምግብ ቤቶች የሚገኘው ያገለገለ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ወይም ፓልም የበዛበት ድብልቅ ስለሆነ፣ በሐዋሳ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ ያድራል። በእኛ አገር ለሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተና የዘይቱ መጣበቅ ሳይሆን መርጋቱ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ማሞቂያ የሚባለው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ዘይት ለማሰባሰብ ከተማዋ የተመቸች ናት። በአሞራ ገደልና በሐይቁ ዳርቻ አሳ የሚጠብሱ ቤቶች፣ ቺፕስ የሚሸጡ ካፌዎች፣ ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚያወጡ ባለሙያዎች በየጊዜው የሚያስወግዱት ዘይት አላቸው። ከሁሉም የሚመረጠው የድንችና የሊጥ ውጤት የሚጠበስበት ቤት ዘይት ነው። አሳ የተጠበሰበት ዘይት ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ይበዛበታል፤ የአሳ ስብም ይቀላቀልበታል። ይህ ማለት ይጣላል ማለት አይደለም፤ ሁለት እጥፍ ጊዜ እንዲዘቅጥ ይተዋል። ሥጋና ቅቤ የገባበትን፣ የሚከረፋውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ወይም ሳሙና የነካውን አይቀበሉ። ሳሙና ውሃና ዘይቱን እንደ ወተት ያዋሕዳቸውና ከዚያ በኋላ ማለያየት እጅግ አድካሚ ይሆናል። ከባለቤቶቹ ጋር ሲነጋገሩ የራስዎን ንጹሕና ክዳን ያለው ጀሪካን ማስቀመጥና ዘይቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ እንዲገለበጥ መጠየቅ የኋላውን ሥራ በግማሽ ያቃልላል። በጀሪካኑ ላይ የቤቱ ስምና ቀኑ ይጻፍ፤ አንዱ ቤት ዘይቱን ሲያበላሽ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ዘይቱን ማዘጋጀት

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው። መኪናው ላይ የሚገጠመው ዕቃ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በርሜሉ ላይ የተዘለለ ሥራ በፖምፑ ላይ ይከፈላል።

ሁለት የ200 ሊትር የብረት በርሜሎች ያዘጋጁ። ውጫቸው ጥቁር ቀለም ቢቀባ የከተማዋ ፀሐይ ቀን ቀን በነፃ ታሞቅልዎታለች። በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ሁለት መክፈቻዎች ይበየዱ፤ አንደኛው ከታች ጫፍ ለደለል ማውጫ፣ ሁለተኛው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ለንጹሕ ዘይት መቅጃ። መክፈቻዎቹም ሆኑ ቧንቧዎቹ ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ፤ እነዚህ ብረቶች ዘይቱ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። ብረት፣ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ይሆናሉ።

የመጣውን ዘይት መጀመሪያ በሽቦ ወንፊት፣ ቀጥሎ በአቡጀዲ ጨርቅ አሳልፈው ወደ አንደኛው በርሜል ያፍስሱ። ከዚያ ሳይነካ ይቀመጥ። አንድ ሳምንት አነስተኛው ነው፤ ለአሳ ዘይት ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ዱቄቱ ውሃውን ይዞ ወደ ታች የሚወርደው በጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ጊዜ በማጣሪያ ለማሳጠር የሚሞክር ሰው ማጣሪያ በመግዛት ገንዘቡን ይጨርሳል። የረጋ ዘይት ግን ምንም አያዘቅጥም፤ ስለዚህ በብርድ ወራት በርሜሉ መሞቅ አለበት።

ለማሞቅ እሳትን በቀጥታ ከዘይት በርሜል ሥር ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። አስተማማኙ ዘዴ በጣም ቀላል ነው፤ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ውሃ ይፈላና ዘይት የያዘው የብረት ዕቃ በውሃው ውስጥ ይቆማል። በሐዋሳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ዘይቱ ምንም ቢቆይ ከዚያ አያልፍም። የሚፈለገው ዘይቱ 60 ዲግሪ ያህል እንዲደርስ ነው፤ በቴርሞሜትር ይለኩት። ከዚያ በብርድ ልብስ ወይም በጆንያ ተጠቅልሎ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት የታችኛው መክፈቻ ቀስ ተብሎ ሲከፈት በመጀመሪያ ውሃና ጥቁር ደለል ይወጣል፤ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ይፍሰስ። ይህ ሥራ ሁለት ጊዜ ቢደገም ትርፍ አይባልም። ከሥር ውሃ ያለበትን ዘይት ውሃው እስኪተን ድረስ አፍልቶ ለማድረቅ መሞከር ግን አደገኛ ነው፤ የታመቀው እንፋሎት በድንገት ሲወጣ የጋለውን ዘይት በሠራተኛው ላይ ገንፍሎ ያፈስበታል።

የቀረውን ጥቂት እርጥበት ለማስወጣት በበጋ ደረቅ ከሰዓት፣ 60 ዲግሪ የሞቀውን ዘይት በትንሽ ፖምፕ ከበርሜሉ ሥር እየሳቡ ከላይ በቀዳዳ ቧንቧ እንደ ሻወር መልሶ ማፍሰስ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ አይቀጥል፤ አየር ሲበዛበት ዘይቱ ይበላሻል። በክረምት አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም፤ ያኔ ክዳኑ ተዘግቶ ረዘም ላለ ጊዜ ማዝቀጥ ይሻላል።

ማጣራት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በሙያው የሚፈለገው የመጨረሻ ማጣሪያ የ1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ ከ5 ማይክሮን የሰፋ ግን ተቀባይነት የለውም፤ በፖምፑ ውስጥ በሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት የጥቂት ማይክሮን ብቻ ነውና። የከረጢት ማጣሪያ ካልተገኘ፣ የከባድ መኪና የናፍጣ ፊልትሮዎችን ሁለት ሦስቱን በተከታታይ በመግጠም፣ በርሜሉን ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። ከፊታቸው ድርብ የጂንስ ጨርቅ ቢቀድም ፊልትሮዎቹ ረጅም ጊዜ ያገለግላሉ። ዘይቱ በምን ሙቀት እንደሚጣራም መወሰን አለበት። በመኪናው ላይ የሚሞቅ ሁለተኛ ታንክ ያለው ሰው ዘይቱን ሞቅ አድርጎ ሊያጣራ ይችላል። ታንኩን ለማያሞቅ ሰው ግን በማለዳ ቅዝቃዜ ማጣራት ግድ ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ያለፈ ስብ ሌሊት በመኪናው ፊልትሮ ውስጥ ረግቶ መንገድ ላይ ያስቀረዋልና።

ሦስት ፈተናዎች ሳያልፍ ማንኛውም ዘይት ወደ መኪና አይግባ። የመጀመሪያው የዓይን ነው፤ በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሞቅ ብሎ ሲታይ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ቀለሙ ቢጠቁር አያስጨንቅም፣ ጭጋግ ካለው ግን ውሃ አለው። ሁለተኛው የምጣድ ነው፤ ደረቅ መጥበሻ እስከ 130 ወይም 150 ዲግሪ አግለው ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥቡ። ከተንጣጣ ወይም አረፋ ካወጣ ርጥብ ነው፤ ዝም ብሎ ከተዘረጋ ደርቋል። ይህን ሲያደርጉ መነጽር ያድርጉ።

ሦስተኛው የአሲድ ፈተና ሲሆን፣ ብዙ ሰው ቢዘለውም እኔ እጅግ አስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት በሚያወጣው አሲድ የፖምፑንና የኖዝሉን ብረት ይበላል። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟ፤ ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ይሆናል፣ አሲዱ ግን አይሁን። ጥቂት እርድ በአልኮል ተዘፍዝፎ ቢጫ ውሃው ይወሰድ። ከ90 በመቶ በላይ ጥራት ባለው 10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ጥቂት የእርዱ ጠብታ ይጨመርና፣ ቀለሙ ወደ ቀይ እስኪያደላ ድረስ የሶዳው ውሃ በሲሪንጅ ይንጠባጠብበት፤ ይህ የአልኮሉን የራሱን አሲድ ለማጥፋት ነው። አሁን 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመርበት፤ ቢጫው ይመለሳል። እንደገና ቀይ ሆኖ እስኪቆይ ድረስ የገባው የሶዳ ውሃ መጠን መልሱ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የጀርመን ደረጃ የሚፈቅደው የአሲድ ልክ በዚህ ፈተና ሲሰላ 1.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በተግባር 2 ሚሊ ሊትር ድረስ የሚቀበሉ አሉ፤ ከ3 ያለፈውን ግን ለሌላ ሥራ ይተዉት። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንት ይደረግ፤ ከልጆችም ይራቅ።

የተዘጋጀው ዘይት ጢም ብሎ በተሞላና በታሸገ ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ከጥቂት ወራት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ዘይት የጠጡ ጨርቆችን ከምሮ መተው እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ጨርቁ በራሱ እየጋለ የሚቀጣጠልበት ጊዜ አለ። በውሃ ነክረው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያኑሯቸው።

መኪናው ላይ የሚሠራው

ቀላሉ መንገድ መቀላቀል ነው። ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ላላቸው ሞተሮች፣ በሞቃት ወራት፣ ሦስቱን ፈተና ያለፈና የማይረጋ ዘይት ከናፍጣው ከአንድ አምስተኛ ሳይበልጥ ሊቀላቀል ይችላል። ለማቅጠን ተብሎ ቤንዚን መጨመር ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ በጥቂቱም ቢሆን ነዳጁን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ያደርገዋል፤ ፖምፑንም ማለስለሻ ያሳጣዋል። መቀላቀልን እንደ መለማመጃ እንጂ እንደ ዘላቂ ዘዴ ማየት አይገባም፤ ምክንያቱም ሞተሩ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳም ማታ ሲጠፋም ዘይት በውስጡ አለ።

ዘላቂው መፍትሔ ሁለት ታንክ ነው። ዋናው ሰልባትዮ ናፍጣውን እንደያዘ ይቀራል፤ ለዘይቱ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ሁለተኛ ታንክ ይገጠማል። ሞተሩ በናፍጣ ይነሳል፣ ሲሞቅ ወደ ዘይት ይዛወራል፣ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ናፍጣ ይመለሳል። ሙቀቱ የሚገኘው ከራዲያተሩ ውሃ ነው። ከሞተሩ ወደ ካቢን ማሞቂያ የሚሄደው ሙቅ ውሃ ተጠልፎ በመጀመሪያ ከፖምፑ አጠገብ ባለ የሙቀት መለዋወጫ (የውሃው ሙቀት ወደ ዘይቱ በሚተላለፍበት ዕቃ)፣ ቀጥሎ በዘይት ፊልትሮው ዙሪያ፣ በመጨረሻም በታንኩ ውስጥ በተጠማዘዘ የብረት ቧንቧ አልፎ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዘይቱ የራሱ ፊልትሮ ይኑረው፤ የናፍጣው ፊልትሮ ለብቻው ይሁን። ከመለዋወጫው በኋላ፣ ወደ ፖምፑ በሚገባው መስመር ላይ የሙቀት መለኪያ ተገጥሞ ንባቡ ለአሽከርካሪው መታየት አለበት። ያለዚህ መለኪያ መዛወር በግምት መሥራት ስለሆነ፣ ከሁሉም ዕቃ ቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው።

የመዛወሪያው ቫልቭ ወደ ፖምፑ የሚሄደውን መስመር ብቻ ሳይሆን ከፖምፑ ወደ ታንክ የሚመለሰውንም መቀየር አለበት። ፖምፑ ከሚወስደው ነዳጅ ትርፉን ይመልሳል፤ መመለሻው ካልተዛወረ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ናፍጣው ሰልባትዮ ይገባና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጹሕ ናፍጣ የሚባል ነገር በመኪናው ላይ አይኖርም። ሁለቱ ቫልቮች ለየብቻ በሁለት ማብሪያ ቢሠሩ ይመረጣል፤ ወደ ናፍጣ ሲመለሱ መግቢያው አስቀድሞ ይዛወራል፣ መመለሻው ግን በፖምፑ ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ዘይት ታንኩ እስኪገፋ ድረስ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ተራ የጎማ ቱቦ በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም አየር ያስገባል። ቫይተን የሚባለው ጎማ ከሁሉም ይሻላል፤ ካልተገኘ ለናፍጣ የተሠራ ጥራት ያለው ቱቦ ተገጥሞ በየስድስት ወሩ ይፈተሽ፣ ማሰሪያ ፋሸታዎቹም ይጥበቁ። መኪናው ላይ የተጨመረው ታንክ በዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ከመገጠሙ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት ቢሮና የመድን ድርጅትዎን ይጠይቁ።

በመንገድ ላይ

ጠዋት በናፍጣ ያስነሱ። የሞተሩ ውሃ 80 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ፖምፑ የሚገባው ዘይትም ቢያንስ 70 ዲግሪ ሳይደርስ አይዛወሩ። ከዚህ የሚከተል አንድ እውነት አለ፤ ሞተሩ ገና ሲሞቅ ጉዞው የሚያልቅበት ሰው ከዚህ ሥራ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ለሚመላለስ፣ ወይም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሻሸመኔ ሄዶ ተራ እየጠበቀ ለሚቆም ሚኒባስ አድካሚ ነው። ወደ ዲላ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ መኪና ግን አብዛኛው መንገድ በዘይት ይሸፈናል።

ሥራ ፈቶ የሚንቀሳቀስ ሞተር በውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱም በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸቱ የሚከማቸው ያኔ ነው። በተራ ላይ ወይም በመንገድ መዘጋጋት ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሚቆሙ ከሆነ ወደ ናፍጣ ይመለሱ። ዘይት በሊትር ከናፍጣ ጥቂት ያነሰ ጉልበት ስላለው ዳገት ላይ ልዩነቱ ይሰማል፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በፍጥነት ማዞር ነዳጁን አብዝቶ ከመርገጥ ይሻላል። ከ2,700 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ሀገረ ሰላም የሚወጣ ሰው፣ መኪናው በዚያ ብርድ የሚያድር ከሆነ ዘይቱ በታንኩ ውስጥ እንደሚረጋ አውቆ ጠዋት ተመልሶ ለመውረድ የሚበቃ ናፍጣ ሳይይዝ አይነሳ።

ከመድረስዎ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው ወደ ናፍጣ ይዛወሩ። መኪናውን ለሌላ ሰው በሚሰጡበት ጊዜ ሁሉ ይህ ደንብ በጽሑፍ ከመሪው አጠገብ ይለጠፍ፤ በዘይት ላይ እንዳለ የጠፋና ቀዝቅዞ ያደረ ፖምፕ ጠዋት በግድ ሲዞር ሊሰበር ይችላል።

ክትትል

ከሁሉም በላይ የሚታየው የሞተር ዘይቱ ነው። በፋሻው በኩል የሚያልፈው የአትክልት ዘይት በሙቀት ከሞተር ዘይቱ ጋር ሲዋሐድ እየወፈረ ይሄዳል፤ ሲባባስ እንደ ጄሊ ይረጋና ማለስለስ ያቆማል። ስለዚህ የመለወጫው ጊዜ በግማሽ ይቀነስ፤ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ የነበረው በ2,500 ይለወጥ። በየሳምንቱ መለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ልኩ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ ወይም ዘይቱ በጣት መካከል ሲታሽ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ሳይጠብቁ ያስለውጡ፤ የችግሩ ምክንያት እስኪገኝም በናፍጣ ብቻ ይንዱ።

መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ፣ ሜዳ ላይ ግን ደህና የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋው ፊልትሮ ነው፤ መለዋወጫ ፊልትሮና መፍቻ ከመኪናው አይለዩ። ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስና የመጥበሻ ሽታ የማይለቀው ሞተር ዘይቱ በቂ ሙቀት እያገኘ አለመሆኑን ወይም ኖዝሉ መንጠባጠቡን ያመለክታል። ኖዝሎቹን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ከበርሜሉ ሥር የሚወጣው ደለል ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ወይም ወደ ሽንት ቤት መስመር አይፈሰስ። ውሃው ተለይቶ ከወጣ በኋላ ከመጋዝ ብናኝ ጋር ተለውሶ ቢደርቅ ለምድጃ ማገዶ ይሆናል፤ ጨው የበዛበት የአሳ ቤት ደለል ግን አፈርን ስለሚጎዳ ከማዳበሪያ ጉድጓድ ይራቅ። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የዘይት ታንኩ ተንጠፍጥፎ ዘይቱ ወደ በርሜል ይመለስ፤ በዘይት ፊልትሮውና በመስመሩ የቀረውም ሞተሩ ገና ሞቆ ሳለ ይፍሰስ፤ ከዚያ ሞተሩ ለሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ናፍጣ ሠርቶ ይጥፋ።